ቋሚዋ ቀረች ያልኩሽ ቀን

ውድ ልጄ ዳክዬ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ፤ ስወጣ ግን መሐል ላይ አንዴ አርፋለሁ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። ሞተር ብቻዬን ከጀልባ ላይ ማውረድ ትቻለሁ፤ ካወረዱልኝ ግን ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን ፈትቼ እገጥመዋለሁ። ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶች የኔ አይደሉም፣ የቀረው ሁሉ የኔ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገባለሁ፣ በሦስተኛው ሙከራ። አንዱ ጆሮዬ ተዘግቷል፣ በሌላው እሰማለሁ። ከባለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ አንድ የጨመርኩት ነገር አለ። እጽፋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት እያልሽ እንዳትጨነቂ። ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሎቹ ወደ አንድ ጎን የተጋደሙት እጄ ተንቀጥቅጦ አይደለም፤ የምታስተምረኝ ሴትዮ እንደምትለው፣ እስክሪብቶውን ቡሎን እንደማጥበቅ አድርጌ ስለምይዘው ነው። እዚህ ድረስ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ቀስ ብለሽ አንብቢኝ፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

አሁን የምነግርሽን ከእናትሽ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። እኔ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ማንበብ አልችልም ነበር።

ታዲያ በየጠዋቱ ጋራዡ በር ላይ ቆመህ፣ መነጽርህን አድርገህ፣ የመጣውን ዕቃ ዝርዝር ስታነብልን የነበርከውስ ትዪኛለሽ። እሱን ያነበበችው እናትሽ ናት። እራት ከበላን በኋላ፣ አንቺ ስትተኚ፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ታነብልኛለች። እኔ በቃሌ እይዛለሁ። ቁጥር አውቃለሁ፣ በቁጥር ማንም አያታልለኝም፤ ፊደል ነበር እምቢ ያለኝ። ጠዋት ወረቀቱን ዘርግቼ በቃሌ የያዝኩትን እወጣዋለሁ። አንድ ቀን ተሳስቼ የዕቃውን ዝርዝር ቤት ትቼ የመብራት ቤት ወረቀት ይዤ ወጣሁና፣ ስድስት ካንዴላ፣ አራት ኩሽኔታ፣ ሁለት ቆርቆሮ ግራሶ እያልኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንዲት አልሳትኩም። እናትሽ በመስኮት እያየችኝ ሳቋን ለማፈን ፎጣ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። እሷ ዓይኔ ነበረች፣ እኔ ድምጿ ነበርኩ፤ ሌላው ሰው ሁሉ የተማረ አባት ያለሽ ይመስለው ነበር። አንቺንም ጨምሮ። በተለይ አንቺ እንዲመስልሽ ፈልጌ ነበር።

ስለ ቋሚዋ ልጽፍልሽ ነው ብዕር ያነሳሁት። ለሌላ ሰው ብጽፍ ምን እንደሆነች ማስረዳት ነበረብኝ። መምህርቷ እንኳ ጄት ስኪ ነው አይደል፣ ሰው ተፈናጦበት ውሃ ላይ የሚበረው አለችኝ። የለም፣ ያ ተቀማጩ ነው፣ እሱን አሮጊትም ትነዳዋለች አልኳት። ቋሚዋ መቀመጫ የላትም። ለአንድ ሰው ብቻ ናት። መሪዋ እንደ ክንድ ከፊት ተነስቶ ይመጣልሻል፣ ከኋላ ደግሞ እግር የሚያርፍባት ጠባብ ቦታ አለች። ሳትንቀሳቀስ ሰው አትሸከምም፤ ትጥልሻለች። መጀመሪያ በደረትሽ ትሳቢያለሽ፣ ከዚያ በጉልበትሽ ትነሺያለሽ፣ ፍጥነት ስታገኝ ብቻ ነው በእግር የሚቆመው። መምህርቷ ይህን ስትሰማ፣ እንግዲህ እንደኛ ናታ፣ ከቆመች ወደቀች ማለት ነው አለችኝ። ሴትዮዋ ቀልደኛ ናት። ፊደል ስታስተምረኝ ለምን ሦስት ዓይነት ‘ሀ’ አስፈለገ ብዬ ብጠይቃት፣ ሁለቱ መለዋወጫ ናቸው፣ አንዱ ቢበላሽብዎ ብላ መለሰችልኝ።

በአስራ አራት ዓመትሽ ነው መጀመሪያ የወጣሽባት። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ወደቅሽ። ከዳር ሆኜ ቆጥሬያለሁ። ስትወድቂ የእጅሽ ቀይ ገመድ ይነቀላል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ እሷም አጠገብሽ ቆማ ትጠብቅሻለች፤ እንደ ገራም እንስሳ። ዋኝተሽ ትደርሺባታለሽ፣ ገመዱን መልሰሽ ትሰኪያለሽ፣ እንደገና በደረትሽ። በሠላሳ ስምንተኛው ቆምሽ። ሐይቁን ግማሽ ክብ ዞረሽ መጥተሽ ከውሃው ላይ፣ “አባዬ፣ አየኸኝ?” አልሽኝ። እኔ ምን አልኩ? ገመድሽ ላልቷል፣ አጥብቂ አልኩሽ። አይቼሽ ነበር ልጄ። ፊቴን ወደ ጋራዡ ያዞርኩት ዓይኔን በእጅጌዬ ልጠርግ ነው።

ወሬው ግን ከቋሚዋ እኩል ነው የኖረው። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባና ሐይቁ ጭር ሲል፣ ፋብሪካው ቋሚዋን ሊያቆም ነው ይባላል። ሰው ሁሉ ተቀማጩን ነው የሚገዛው፣ ቋሚዋን ማን ይፈልጋታል፣ ለጥቂት እብዶች ብለው ፋብሪካ አያንቀሳቅሱም ይባላል። ወሬውን የሚያመጣው ቤንዚን ቀጂው ነበር፣ ሬዲዮ ያልነው፤ ስለማይዘጋ። አንዴ ከሹፌር ሰማሁ ይላል፣ አንዴ የፋብሪካውን ወኪል ጸሐፊ የአክስት ልጅ ካገባ ሰው። በየዓመቱ ገድሎ ይቀብራታል፤ በጋ ሲመጣ አዲሷ ተጎታች ላይ ተጭና ከች ትላለች። እንስቅበታለን። ወሬ ነዋ። ወረቀት የለውም።

የዚያ ዓመት ወሬ ግን ከበድ አለ። ወኪሉ አምስት ወር ሙሉ መለዋወጫ አላከልንም ነበር። አንቺ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነበር፣ ከጋራዡ ማዶ ባለችው አሸዋማ ዳርቻ የቋሚ ትምህርት ቤት ልከፍት ነው ብለሽ ወስነሽ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ቦታውን እሺ ብሎሻል። ሰሌዳውን ቀለም ቀብተሽዋል። የቀረሽ አንድ ነገር ነበር፤ መለዋወጫ በማይመጣላት ዕቃ ላይ ትምህርት ቤት አይከፈትምና፣ ወሬው እውነት ይሁን አይሁን ጠይቀሽ ለወኪሉ ጻፍሽ። ስድስት ሳምንት መልስ ጠበቅሽ። ፖስተኛው በመጣ ቁጥር ከውሃው ላይ አንገትሽን እንደ ዳክዬ እያሰገግሽ ታዪው ነበር።

ፖስታው የመጣው እናትሽ ሆስፒታል በገባች በአስራ አንደኛው ቀን ነው፣ ረፋድ ላይ። ሬዲዮ ነበር፣ ሦስት ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። አንቺ የቋሚዋን ፓምፕ ሣር አንቆት እያጸዳሽ ነበርና እስከ ክንድሽ ዘይት ነሽ። ፖስታውን ተቀበልኩ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አንቺ እጆችሽን ከሰውነትሽ አርቀሽ ይዘሽ፣ “እጄ ዘይት ነው፣ አንተ አንብብልኝ አባዬ” አልሽኝ።

እናትሽ ቤት ብትኖር፣ ቆይ ማታ በደንብ እናየዋለን እል ነበር። ወይም መነጽሬን ረሳሁት እል ነበር፤ መነጽሬ ግን ግንባሬ ላይ ነበረች። አምስት ሰው ያየኛል። አንዱን ዓሣ አጥማጅ አንብብላት ማለት እችል ነበር። ዘይትሽን ጥረጊና ራስሽ አንብቢ ማለትም እችል ነበር፤ ያቺ ቀላሏ ነበረች፣ እሷ እንኳ አልመጣችልኝም። ፖስታውን ቀደድኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። መነጽሬን አወረድኩ። አንድ ደቂቃ የሚያህል ጊዜ ዓይኔን ወደ ላይና ወደ ታች አመላለስኩ፤ ሰው ሲያነብ እንደሚያደርገው። ከዚያ በቃሌ የማውቀውን አነበብኩልሽ። በቃሌ የማውቀው ደግሞ የሬዲዮን ወሬ ብቻ ነበር።

“ይቅርታ ይላል። ቀርታለች ይላል። ከእንግዲህ አትመረትም።”

ሬዲዮ ራሱ ደነገጠ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራው የኖረው እውነት ሆኖ አያውቅማ። አንቺ አላለቀስሽም። እንደዚያው እጅሽን አርቀሽ እንደያዝሽ ትንሽ ቆምሽ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ፓምፑን ማጽዳት ጨረስሽ። የማይረሳኝ እሱ ነው። ጨረስሽው። አንድ የሣር ክር አላስቀረሽም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ግን ልጄ፣ የኔ ወለምታ ብቻ አልነበረም። ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ አንድ ቀን አረፍኩ።

ኩራት ነው፣ አፍሬ ነው ያደረግኩት ብዬ ብጽፍልሽ ግማሹን ብቻ ነው የምነግርሽ። እናትሽ ታማለች፤ እንደማትመለስ ሐኪሙ ባይነግረኝም ገብቶኛል። ትምህርት ቤትሽ ከተከፈተ አንቺ ማዶ ነሽ፣ የራስሽ ሰሌዳ፣ የራስሽ ሰው አለሽ። እኔ ቤት ውስጥ ከማላነበው ወረቀት ጋር ብቻዬን ልቀር ነው። ቋሚዋ ከቀረች አንቺ ጋራዡ ውስጥ ትቀሪያለሽ ብዬ ነበር። ይህን ያሰብኩት ወረቀቱን ዘርግቼ ዓይኔን ሳመላልስ በነበረው በዚያች አፍታ ነው። አፍታዋ አጭር ነበረች፤ እኔ ግን አሰብኩባት።

በማግስቱ ማታ ወጥ ቤት ገብተሽ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ አባዬ እስቲ ያንን ወረቀት ልየው አልሽኝ። ምን ያደርግልሻል፣ አቃጠልኩት አልኩሽ። አላቃጠልኩትም። ከመፍቻ ሳጥኔ ግርጌ፣ ከተነጠፈው ላስቲክ ስር ነበር። ለምን እንዳላቃጠልኩት አላውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እዚያ ቤት ሁለታችንም ነበርን።

ሆስፒታል ለእናትሽም ነገርኳት። ቋሚዋ ቀርታለች፣ ወኪሉ ጻፈ አልኩ። እናትሽ ትራሷ ላይ ሆና ረጅም ጊዜ አየችኝ። ማን አነበበልህ አላለችም። መቼም አዋርዳኝ አታውቅም። “አምጣውና ላንብበው” ብቻ አለችኝ። ነገ አመጣዋለሁ አልኳት። በነጋታው ረሳሁት አልኳት። በሦስተኛው ቀን እጇን አልጋው ላይ እንደዘረጋች፣ መዳፏ ወደ ላይ፣ ወረቀት እንደሚቀበል ሰው ሆና አገኘኋት። ነርሷ ከመንጋቱ በፊት ነው አለችኝ።

ከቀብሩ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆየሽ። ቋሚዋን ለሆቴሉ ባለቤት ሸጥሽ። ሰሌዳውን ገልብጠሽ የጀልባ መደገፊያ አደረግሽው። የሄድሽ ዕለት ጠዋት እኔ መደገፊያው ላይ ከተሰቀለ ጀልባ ስር ተንጋልዬ ነበር። የሚሠራ ነገር አልነበረውም ያ ጀልባ። ጫማሽን ብቻ አየሁ። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። “አባዬ፣ ሄድኩ” አልሽ። እኔም፣ “አስራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብዪኝ” አልኩሽ። ጎንበስ ብለሽ አቀበልሽኝ። ቁልፉን ተቀበልኩ። ጫማሽ ትንሽ ቆየ። ምናልባት አንድ ቃል ይጨምር ይሆናል ብሎ ነው። ከዚያ ዞረ። እኔ አስራ ሦስት ቁልፉን ደረቴ ላይ ይዤ፣ አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፍቶ ኮረብታውን እስኪያልፍ አንድም ቡሎን ሳልነካ እዚያው ተንጋለልኩ። የእጅሽ ቀይ ገመድ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በሚቀጥለው በጋ አንድ እንግዳ አዲስ ቋሚ ተጎታች ላይ ጭኖ መጣ። የዚያው ዓመት ምርት። ላስቲኳ እንኳ አልተላጠም። ሬዲዮ ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። አሁን የሚያስቀይምሽ ይሄኛው ነው፤ ያኔ አንቺ ዘንድ መደወል እችል ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ነበር የጠፋው። ሬዲዮን ግን፣ ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል፣ ፋብሪካ እኮ ነው አልኩት። እሱም ይሆናል አለ። አንቺም በኋላ ከሰው ሰምተሽ ከሆነ እንዲያው ነው ብለሽ ተቀብለሽው ይሆናል። ሐሳባቸውን አልቀየሩም ልጄ። ያላቸው ሐሳብ ያው አንዱ ነበር።

አስራ ስምንት ዓመት። አንቺ ውሃ በሌለበት ከተማ፣ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ትቆርጫለሽ። በዓመት ሦስቴ አራቴ ትደውያለሽ። ደህና ነህ አባዬ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ ደህና። ውሃው እንዴት ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። አንዴ ነግሬሽ ነበር፣ ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቷል አልኩ፤ ሥራ ልገባ ነው ብለሽ ስልኩን ዘጋሽ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሆቴሉ ውስጥ ፓምፕ ልጠግን ገብቼ ቋሚሽን አየኋት። መግቢያው በር ላይ አስቀምጠዋታል። የሞተሩን ክዳን አንስተው፣ አፈር ሞልተው፣ አበባ ተክለውባታል። ቀይና ቢጫ። እንግዶች አጠገቧ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። የሆቴሉ ባለቤት ያማራት መስሎት፣ አየሃት ጋሼ፣ አሁን ሥራ ይዛለች አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። የፓምፑን ሥራ ዋጋ አልፈልግም፣ እሷን ስጠኝ አልኩት። አበባውስ አለኝ። የእንጨት ሳጥን እሠራልሃለሁ አልኩት። እስካሁን አልሠራሁለትም።

አፈሩን በማንኪያ ነው ያወጣሁት። ሥር ሲሊንደሯ ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበር። ፒስተኗ ተጣብቆ ስምንት ቀን በዘይት ዘፈዘፍኩት። የፒስተን ቀለበት ያስፈልጋት ነበርና ወኪሉ ዘንድ አዘዝኩ፤ መጣ። አዲስ። ለቀረች ዕቃ።

ቀለበቱ የመጣበትን ካርቶን ይዤ ወደ መምህርቷ ወጣሁ። ከኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር ጡረተኛ ናት፤ ቧንቧዋን ሠርቼላት ነው የተዋወቅነው። እትዬ፣ እዚህ ላይ ምን እንደሚል ንገሪኝ ልል ነበር የወጣሁት። በሩን ስትከፍት አፌ ሌላ ተናገረ። ማንበብ አልችልም፣ አስተምሪኝ አልኳት። በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ ካርቶን ታቅፌ፣ በር ላይ። አልሳቀችም፣ አላዘነችልኝምም። ይግቡ፣ ጫማዎን ግን ያውልቁ፣ ግራሶ ነው አለችኝ። አስራ አንድ ወር ፈጀብን።

ዘንድሮ ደግሞ ወሬው መጣ። ሬዲዮ አርጅቷል፣ አሁን ቤንዚን የሚቀዳው የእህቱ ልጅ ነው፤ እሱ ግን ወንበሩን ከማደያው አላነሳም። ጋሼ፣ ዘንድሮስ የምር ነው፣ ቋሚዋ ልትቀር ነው ይባላል አለኝ። ሌሎቹም ወደኔ ዞሩ። እኔም ወረቀት አለ ወይ አልኩት። የለም፣ ወሬ ነው አለ። እንግዲያው ወረቀቱ ሲመጣ አነበዋለሁ አልኩ። ስለዚህ ልጄ፣ ዘንድሮ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ያላነበብኩትን አልነግርሽም። ሬዲዮ ግን እንዲህ አለኝ፤ ደግ አስቦ ነው ያለው።

“ያኔም እኮ የኔን ወሬ ማን አመነ? አንተ ስላነበብክልን ነው ያመንነው።”

ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐይ በበሩ እስከ መፍቻ ሳጥኑ ድረስ ትገባለች። ላስቲኩን አንስቼ ፖስታውን አወጣሁት። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። እያንዳንዱን ቃል በጣቴ ተከትዬ፣ ድምፄን አውጥቼ። ስምሽ ላይ ስደርስ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ በማተሚያ ተጽፎ አይቼው አላውቅም ነበር።

የሚለው ይሄ ነው። የሚወራው ወሬ መሠረት የለውም። ቋሚዋ መመረቷን ትቀጥላለች፤ መለዋወጫው የዘገየው በመጓጓዣ ምክንያት ነው፣ ይቅርታ። ይቅርታ የሚል ቃል ነበረው ለካ፤ እሱን ብቻ ሳላውቅ በትክክል አንብቤልሻለሁ። ከዚያ ይቀጥላል። ስለ ትምህርት ቤትሽ በመስማታችን ደስ ብሎናል፤ ለመጀመሪያው በጋ ሁለት ቋሚዎች በውሰት ልንሰጥሽ ፈቃደኞች ነን፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ እንጠብቃለን ይላል።

በሠላሳኛው ቀን አንቺ አውቶቡስ ውስጥ ነበርሽ።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ያንቺ ነው፣ ባንቺ ስም ነው የመጣው። አንድ ነገር ግን ታያለሽ። ሁለት ጥቁር የዘይት አሻራዎች አሉበት፣ የኔ አውራ ጣቶች ናቸው። ከላይ በኩል ናቸው፤ ከስምሽ ግራና ቀኝ፣ ጫፋቸው ወደ ታች። ሰው ወረቀት ሲያነብ ከታች በኩል ነው የሚይዘው። መምህርቷ ናት ያሳየችኝ፤ ያሳየችኝም ሳትናገር፣ ወረቀቱን አዙራ ጣቶቼን አሻራዎቹ ላይ በማስቀመጥ ነው። የማውቀው የዕቃ ዝርዝር ሁሉ ማኅተሙ ከላይ ነበር። የዚህኛው ማኅተም ከግርጌ ነው። ማኅተሙን ወደ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ገልብጬ ነው ያነበብኩልሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። አንቺ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ነበር። በስስ ወረቀት ላይ ብርሃን ከኋላ ሲመጣ ጽሑፉ በጀርባው ይታያል። አይተሽ ነበር? ወጥ ቤት ገብተሽ ያን ያህል በቀስታ ልየው ያልሽኝ ለዚህ ነው? አቃጠልኩት ስልሽ የተውሽኝ፣ አባቴን በሰው ፊት ከማዋርድ ትምህርት ቤቴ ይቅር ብለሽ ነው? ካልሆነ አልሆነም። ከሆነ ግን፣ እኔ አስራ ስምንት ዓመት ጥላኝ የሄደች ልጅ አለችኝ ስል ኖሬያለሁ፤ አንቺ ለካ እንደ እናትሽ ሸፍነሽኝ ነው የሄድሽው። እናትሽ በሳቅ ሸፈነችኝ፣ አንቺ በዕድሜሽ።

መልሱን በስልክ አትንገሪኝ። እሰማዋለሁ፣ በዚችው በተረፈችኝ ጆሮ፣ ፊትሽን እያየሁ።

እንግዲህ እዳ አለብኝ። የሚከፍልልኝ ሰው አልፈልግም፣ እግሬም እጄም አለ።

ለሆቴሉ ባለቤት የእንጨት ሳጥኑን። ጣውላው ተቆርጧል፣ ያንቺን ሰሌዳ ግን አልነካሁትም። እሱን ከጀልባው ስር አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ግድግዳው ላይ አቁሜዋለሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ይነበባል ግን። አነበብኩት።

ለሬዲዮ እውነቱን። እዚያው ማደያው ላይ፣ ሰዎቹ ባሉበት፣ በዚያው ሰዓት፣ ረፋድ ላይ እነግረዋለሁ። ያን ቀን ያነበብኩላችሁ ወረቀቱን አይደለም፣ ያንተን አፍ ነው እለዋለሁ። ይሳቁብኝ።

ለመምህርቷ ምን እንደምከፍል አላውቅም። ቧንቧው በቂ ነው ትላለች። በቂ አይደለም።

ለእናትሽ ነገ አመጣዋለሁ ያልኳትን። ፖስታ ቤት ከመሄዴ በፊት መቃብሯ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ። መነጽሬን አደርጋለሁ፣ ማኅተሙን ወደ ታች አድርጌ እይዛለሁ፣ ከስምሽ ጀምሬ እስከ ሠላሳው ቀን ድረስ ድምፄን አውጥቼ አነብላታለሁ። ሁለት ጊዜ፣ እሷ እንደምታነብልኝ።

ላንቺ ደግሞ መልስ አለብኝ። “አየኸኝ?” ላልሽኝ አንድ፤ “ሄድኩ” ላልሽኝ አንድ። ቋሚዋ ተነስታለች፣ ሞተሯ በሁለተኛው ሙከራ ይነሳል። ነይ አልልሽም፣ ነይ የማለት መብቴን ከጀልባው ስር ጥዬዋለሁ። እኔ ነኝ የምመጣው። የአውቶቡሱን ሰዓት ከመናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ራሴ አንብቤያለሁ። ቀዩን ገመድ በኪሴ፣ አስራ ሦስት ቁልፉን በሌላው ኪሴ ይዤ ፋብሪካሽ በር ላይ እቆማለሁ። ጫማዬን ብቻ አይተሽ ቀና ባትዪም አልቀየምም። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሳትነሺ፣ መቀስ አቀብለኝ ብቻ ብትዪኝ፣ አቀብልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አልዞርም፣ እቆማለሁ።

አባትሽ፣
በገዛ እጁ